ያላየ ምስክር

እንጀራዬ የሰው ፊርማ መመርመር ነው። ጠዋት መስኮቴ ሥር ከተቀመጥሁበት ሰዓት ጀምሮ ቼክ እቀበላለሁ፤ በቼኩ ላይ ያረፈውን ፊርማ ባለሒሳቡ አስቀድሞ ከሰጠን ናሙና ጋር አስተያያለሁ፤ ካልገጠመ አልከፍልም። ደንበኛው ቢቆጣም፣ አለቃህን ጥራልኝ ቢልም፣ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢያምርም አልከፍልም። ቼክን ገንዘብ የሚያደርገው የታወቀ እጅ ነውና።

ይህን ማለቴ ስለ ባንክ ላወጋችሁ አይደለም፤ ጉዳዬ ዮጋ ነው። ወንበር ላይ ያለቀው ዕድሜ ወገቤን ቢያደክመው፣ በሰው ምክር ወደ አንድ የዮጋ ማስተማሪያ ቤት ሄድሁ። ቤቱን አልጠራውም። በግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት ነበር፤ መምህሩ የሁለት መቶ ሰዓት ሥልጠና መፈጸሙን ይናገራል። መምህሩም ስለ ወገቤም ስለ አንገቴም አንዲት ቃል ሳይጠይቀኝ፣ በሁለተኛው ቀን እግሬን ወደ ሰማይ ሰቅዬ በትከሻዬ እንድቆም አደረገኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አንገቴ አልዞር ብሎ፣ ደንበኛ በጎን በኩል ሲጠራኝ ሙሉ ሰውነቴን እያዞርሁ ሳስተናግድ ከረምሁ። ባልደረቦቼ ‹‹ጄኔራሉ›› አሉኝ።

ቂሜ በሰውየው ላይ አይደለም፤ የተሰጠውን ነው የሰጠኝ። ቂሜ ያንን ወረቀት ‹‹የምስክር ወረቀት›› ብለን በመጥራታችን ላይ ነው። ምስክር ማለት በዐይኑ ያየ፣ በጆሮው የሰማ፣ ሲጠየቅም ስሙን ሰጥቶ የሚቆም ሰው ነው። እስቲ በዚያ መስታወት ውስጥ አየሁ የሚለው ማን ነው?

ሁለት መቶ ሰዓት የሚባለው ልክ ከጥንት የሕንድ ሊቃውንት የወረደ እንዳይመስላችሁ። በ1999 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የተቋቋመው ዮጋ አሊያንስ የተባለ ማኅበር ያስፋፋው መስፈርት ነው። ማኅበሩ ተማሪውን ራሱ አይፈትንም። ትምህርት ቤቶችን ይመዘግባል፤ የተመዘገበው ትምህርት ቤት ‹‹ጨርሷል›› ብሎ ወረቀት ይሰጣል፤ ባለወረቀቱም ክፍያውን ከፍሎ ስሙን ያስመዘግባል። በሪሺኬሽ፣ በጋንጀስ ወንዝ ዳር፣ ይህ ሁሉ በአንድ ወር ገደማ የሚያልቅበት ቤት ሞልቷል፤ ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ ደግሞ ከቤት ሳይወጡ በኮምፒዩተር መስኮት መጨረስም ተችሏል። ሰዓት መቁጠር ግን ማየት አይደለም። እኔም በመስኮቴ ሥር ስንት ሺህ ሰዓት ቆጥሬአለሁ፤ እስካሁን የባንክ ገዥ ያለኝ የለም።

የሕንድ መንግሥትም በ2018 በአዩሽ ሚኒስቴር ሥር የዮጋ የምስክር ወረቀት ቦርድ አቋቁሞ በጽሑፍም በተግባርም ይፈትናል። ይህ ቢያንስ ዐይን አለው። ዐይኑ የሚገለጠው ግን የፈተናው ዕለት ብቻ ነው።

የወረቀቱ ጠበቆች ‹‹ወጉን ለመጠበቅ ነው›› ይሉናል። የትኛውን ወግ? ዮጋ በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው፤ የእኛም የገዳ ሥርዓት በዚያው ጉባኤ ተመዝግቧል። በዚያ መዝገብ ላይ ስለ ዮጋ ቀድሞ የተጠቀሰው የማስተላለፊያ መንገድ የመምህርና የደቀ መዝሙር ግንኙነት እንጂ የሰዓት ቁጥር አይደለም። የአካል ቅርጾቹ ራሳቸው ወግ ናቸው ብሎ መሟገትም አያዋጣም። ፓታንጃሊ ከጻፋቸው ሁለት መቶ ከማይሞሉ አጫጭር አንቀጾች መካከል ስለ አቀማመጥ በቀጥታ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ዛሬ በየአዳራሹ የምናየው ቅርጽ አብዛኛው የተቀመረው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ በተለይም በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻርያ በማይሶር ቤተ መንግሥት ባስተማረበት ዘመን። ተመራማሪዎቹ ስዮማንና ሲንግልተን የዘመኑ ጂምናስቲክ በዚያ ቅመራ ውስጥ እንዳለበት ጽፈዋል። ታዲያ ከክሪሽናማቻርያ የወረደው ወግ ምንድን ነው? እኔ ዐይን ነው እላለሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ አይንጋር ገና በልጅነቱ በሽታ የተፈራረቀበት ደካማ ነበር፤ በኋላ በፑኔ ሲያስተምር ገመዱን፣ እንጨቱን፣ ወንበሩን ያመጣው የቆመው አካል የማን እንደሆነና ምን እንደጎደለው ስላየ ነው። ኢንድራ ዴቪ ሴትም የውጭ አገር ሰውም በመሆኗ መጀመሪያ አላስተምርም ተብላ ነበር፤ በማሃራጃው አማላጅነት ገብታ ትጋቷን ካሳየች በኋላ ግን ‹‹አስተምሪ›› ያላት ያው የከለከላት መምህር ነው። ክልከላውም ወግ ነበር፤ መምህሩ ግን ያየውን ካደ አልተባለም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቴ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ያስተምሩ ነበር፤ አንዲት ወረቀት አልነበረቻቸውም። እንግዳ ተማሪ ሲመጣ የሚጠየቀው ‹‹ስንት ዓመት ተማርህ?›› ተብሎ ሳይሆን ‹‹የማን ተማሪ ነህ?›› ተብሎ ነው። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ የሚደርሰው ተማሪ ቅኔውን ለየኔታ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ነገም ተመልሶ ይነግራል። የበሰለውም መጀመሪያ አስነጋሪ ሆኖ በመምህሩ ዐይን ሥር ታናናሾቹን ያርማል። ድጓ የሚያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክር ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ‹‹አስመሰከረ›› የሚለው ቃል እዚያ ቦታው ነው፤ በመስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ግን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ያሳፍረኛል።

እዚህ ላይ ‹‹እሰይ!›› ያላችሁ የወግ ጠበቆች ብትኖሩ እጃችሁን ከጭብጨባው መልሱ፤ ነገሩ ወደ እናንተም ይመጣል። ሌላው የክሪሽናማቻርያ ተማሪ ፓታቢ ጆይስ በማይሶር አሽታንጋ ዮጋን ለዓመታት አስተማረ፤ ‹‹ማስተማር ትችላለህ›› የሚለው ፈቃድም በእሱ እጅ ብቻ ነበር። ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ደጋግሞ ተመላልሶ ያችን ቃል ከአፉ ይጠብቃል። መምህሩ በ2009 ካረፈ በኋላ በርካታ ሴቶች ‹‹አስተካክላለሁ›› በሚል ሰበብ ገላችንን ነክቶናል ሲሉ ተናገሩ። የልጅ ልጁ ሻራትም በ2019 በጻፈው መልእክት ተገቢ ያልሆኑ ንክኪዎችን ራሱም ማየቱን አምኖ ኀዘኑን ገለጸ። ልብ በሉ፤ አይቷል። አዳራሹ በምስክር ሞልቶ ነበር። ነገር ግን ፈቃዱ በአንድ እጅ ከሆነ አየሁ የሚል ሰው የሚያጣው እንጀራውን ነው፤ በዚህ መልክ ከቆመ ወግ የሚጠበቀው መምህሩ ነው እንጂ ዕውቀቱ አይደለም። የእኛስ ጉባኤ ቤት ከዚህ ፈተና ነጻ ነው ብዬ ልማል? አልምልም። የየኔታን አለንጋ አያቴ ራሳቸው በሳቅ ሲያወሩልን፣ እኛም ስንስቅ አድገናል። ዛሬ ያ ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

በእኛ ቤት አንድ ደንብ አለ። ገንዘቡ ሲከብድ የአንድ ሰው ፊርማ አይበቃም፤ ሁለተኛ ፈራሚ ይፈለጋል። ደንቡ የመጣው የመጀመሪያው ፈራሚ ሌባ ነው ተብሎ ሳይሆን ሰው ነው ተብሎ ነው። የሰው አንገት ደግሞ ከየትኛውም ቼክ ይከብዳል። መምህሩ ለዓመታት ያየውን ይመስክር፤ ከዚያ ቤት እንጀራ የማይበላ ሌላ ሰው ደግሞ ጎኑ ይፈርም። ትቶ የወጣ ተማሪም ለምን እንደወጣ ይጠየቅ። ይህ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ ገቢም ይቀንሳል ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ይቀንሳል።

አንገቴ ከዳነ በኋላ፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ ሌላ ቤት ሄድሁ። በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። በግድግዳቸው ላይ ምን እንደተሰቀለ አላየሁም።

‹‹ሲያስተምሩ ቆሞ ያየዎት ማን ነው?›› አልኋቸው።

የመምህራቸውን ስም ነገሩኝ፤ አሁንም በዓመት አንድ ጊዜ እየሄዱ ፊታቸው ያስተምራሉ።

‹‹ከእርስዎ ዘንድ ተምሮ የተወ ሰውስ?››

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው የአንዲት ልጅ ቁጥር ሰጡኝ፤ ‹‹እሷ አልወደደችኝም፤ ግን ደውልላት›› አሉኝ።

በዚያው ምሽት ደወልሁላት።