የአርብ ሁለት ሰዓት

በሸዋ ሮቢት ቢሮ ለሚውሉ ወላጆች ከሳምንቱ ሁሉ አርብ ይለያል። በመደበኛው የመንግሥት የሥራ ሰዓት በሌላው ቀን የምሳ ዕረፍት 1 ሰዓት ነው፤ አርብ ግን ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። አባት ልጁን ይዞ ለጁምዓ ይወጣል፤ በዚያ ሐሩር እየተጓዙ የሳምንቱን ወሬ ያወጋሉ።

እናትስ? እርሷም ከቢሮ ነው የመጣችው። ሁለቱ ሰዓት እሳት በማንደድና ልጆች በማጠብ ያልቃል። (ነጋዴዋ እናት ደግሞ እሑድም ዕረፍት የላትም፤ የሰንበቴ ገበያ አለባት።)

ወንድሞች! ከሶላት በኋላ መስጊዱ ደጃፍ ቆሞ የሽንኩርት ዋጋ ማውጋት ደስ ይላል፤ እኛም አንጠላውም። ቤት ውስጥ ግን ምሳው ቀርቧል፣ ሰዓቱ 7፡10 ሆኗል፣ ትንሿም «አባ አልመጣም?» እያለች ነው።