ልብስ ትንሽ ነገር ነውን?

የጥንት ሮማ ታሪክ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የጦር አለቆችን ስምና የተዋጉበትን ዘመን ነው፡፡ ስለ ሴቶች ቀሚስ የጠየቀ ተማሪ ቢኖር ይሣቅበታል፡፡ እኛ ግን የሮማን መንግሥት ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ የሴቶቹንም ልብስ ይመልከት እንላለን፡፡

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ዓመት ሮማውያን በካኔ ሜዳ በሐኒባል ጦር ድል ተመቱ፡፡ በሚከተለው ዓመት በ215፥ ኦፒየስ የተባለ የሕዝብ ጠበቃ ሹም (ትሪቡን) ሕግ አወጣ፡፡ ማንኛዋም ሴት ከግማሽ ወቄት የበለጠ ወርቅ እንዳይኖራት፥ ኅብረ ቀለም ያለው ልብስ እንዳትለብስ፥ ለሃይማኖት በዓል ካልሆነ በቀርም በከተማው ውስጥ በሠረገላ እንዳትሄድ ተከለከለ፡፡ በጦርነት ጊዜ ሁሉም ቢቸገር ፍርድ ነው፡፡ ነገር ግን ጦርነቱ በ201 አለቀ፤ ሹማምንቱ ሐምራዊ ጥለት ያለውን ቶጋቸውን እንደ ለበሱ ነበሩ፤ በሴቶቹ ላይ የወጣው ሕግ ግን አልተነሣም፡፡

በ195 ሁለት ትሪቡኖች ሕጉ ይሻር ሲሉ፥ ሴቶቹ ከየቤታቸው ወጥተው ወደ አደባባይ የሚወስደውን መንገድ ሞሉት፤ ከገጠርም መጡ፡፡ የተቃወሙትንም ትሪቡኖች ደጅ ከበው እሺ አሰኙ፡፡ ታሪክ ጸሐፊው ሊቪየስ እንደሚተርከው፥ ኰንሱሉ ካቶ አጥብቆ ተከራከረ፤ ሥጋቱም ሴቶቹ ይህን ካገኙ በዚህ አይቆሙም የሚል ነበር፡፡ ሕጉ ግን ተሻረ፡፡ እንግዲህ ነገሩ ትንሽ ቢሆን ኖሮ፥ ያን የመሰለ ሰው ስለ ቀሚስ ቀለም ያን ያህል ምን አስጨነቀው?

በሮማ ልብስ የሰው ደረጃ መለያ ነበር፡፡ ባለትዳሪቱ ወይዘሮ ስቶላ የተባለውን ረጅም ቀሚስ ትለብሳለች፡፡ ቶጋ በወንድ ትከሻ ላይ የዜግነት ክብር ነው፤ በሴት ላይ ሲሆን ግን ገጣሞቻቸው የሴተኛ አዳሪ ምልክት አድርገው ይጠቅሱታል፡፡ ሴኔካ እንደ ጻፈው ደግሞ፥ የባሮች ልብስ ከነጻው ሰው ይለይ የሚል ሐሳብ ለሸንጎ ቀርቦ ነበር፡፡ ነገር ግን ባሮቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው ብዛታቸውን ያውቁታል ተብሎ ስለ ተፈራ ቀረ፡፡ የማልበስም ያለማልበስም ምስጢሩ አንድ ነው፤ ገዥው እንዲመቸው ነው፡፡

ሆኖም የ195ቱን ድል ከመጠን በላይ አናወድስ፡፡ ለሴቶቹ ጥብቅና የቆመው ቫሌሪየስ እንኳ የተከራከረው፥ ሹመትም ሆነ የድል ሰልፍ ስለሌላቸው ጌጣቸው ክብራቸው ነው እያለ ነው፡፡ ወርቁ ተመለሰላቸው፤ ድምፅ የመስጠት መብት ግን አላገኙም፡፡ ሱፉን ስትፈትል የምትውለውን ባሪያ ሴት ደግሞ ያሰባት የለም፡፡

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ስለ ልብስ የወጣ ሕግ በታሪክ መጽሐፍ ስናገኝ ገጹን ገልጠን አንለፈው፡፡ ማን አዘዘ? በማን ላይ አዘዘ? የሚያዘውስ ራሱ ምን ለብሶ ነበር? ብለን እንጠይቅ፡፡