የተናቀው ምስክር

«ናሳም ይሳሳታል» የሚለውን ማጽናኛ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሥራውን አበላሽቶ የተጠየቀ ሁሉ የሐብል ቴሌስኮፕን ይጠቅሳል። ይህ ምሳሌ ግን ሰበበኛውን ነጻ አያወጣም፤ እንዲያውም ይከሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1990 ወደ ጠፈር የመጠቀው የሐብል ዋና መስታወት 2.4 ሜትር ስፋት አለው። ጠርዙ ከሚገባው በላይ ዝርግ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 2.2 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ከአንዲት ዘለላ ፀጉር ውፍረት እጅግ ያንሳል፤ የከዋክብትን ምስል ለማደብዘዝ ግን በቃ።

«ሠራተኞቹ ሙያ ጎደላቸው» እንዳትሉ። መስታወቱ የተሞረደውና የተወለወለው መለኪያው ባዘዘው ልክ፣ በሚያስደንቅ ጥራት ነው። የተሳሳተው መለኪያው ራሱ ነበር። በመፈተሻ መሣሪያው ውስጥ ያለች አንዲት ሌንስ ከቦታዋ 1.3 ሚሊሜትር ያህል ርቃ ተተክላ ነበር። ቱምቢው ከተዛባ፣ ግንበኛው ምንም ቢጠበብ ግድግዳው መዝመሙ አይቀርም።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ከሰው አይጠፋም። ይቅር ለማለት የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። ሌሎች ሁለት መፈተሻዎች ጉድለቱን አሳይተው ነበር። አጣሪው ቡድን በኖቬምበር 1990 እንዳስታወቀው፣ ውጤታቸው ከዋናው መሣሪያ ያነሰ ትክክለኛነት አላቸው በሚል እምነት ወደ ጎን ተባለ። ለመሆኑ ሁለት ምስክሮች አንዱን ሲቃወሙ፣ እንደገና መመርመር ያለበት ማን ነው?

«ደጋግሞ መፈተሽ ገንዘብ ይፈጃል» የሚል አይታጣም። ቴሌስኮፑ ከተገጣጠመ በኋላ በሙሉ አካሉ ያልተፈተሸውም ወጪው በዝቶ ነው። ታዲያ ምን ተረፈ? በዲሴምበር 1993 ጠፈርተኞች ሄደው ማረሚያ እስኪገጥሙለት ድረስ ከ3 ዓመት በላይ በደበዘዘ ዓይን ሲያይ ቆየ፤ ጥገናውም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር በላ።

እንግዲህ በፋብሪካም ሆነ በላቦራቶሪ የምትሠሩ፣ ልጆቻችሁንም ምሕንድስና የምታስተምሩ ወገኖች፣ «ተለክቷል» ስትባሉ በዚያ አትርኩ። «በስንት መለኪያ? የተለየ ውጤት ያመጣውስ ምን ተደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ናሳም ይሳሳታል» ለሚላችሁም ስለ ሁለቱ መፈተሻዎች ንገሩት።