ሊቅን የሚንቅ ቤት



በአገራችን የተማረ ሰው የሚከበረውን ያህል ይጠረጠራል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በደጃችን ሲቆም ቁራሽ እንሰጠዋለን፤ ቅኔውንና ዜማውን አጠናቆ በተመለሰ ጊዜ ግን «ደብተራ ነውና ምን እንደሚደግም አይታወቅም» እያልን እንሸሸዋለን።

የዘመናዊው ትምህርት ተማሪም ከዚህ አላመለጠም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፣ የውጭ አገር ትምህርት ልጆቹን ከሃይማኖታቸው ያወጣቸዋል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ፣ መምህራኑ ከግብፅ ክርስቲያኖች መካከል እንዲመጡ ተደረገ። መፍትሔው ትምህርት ቤቱን አስከፈተ፤ ጥርጣሬውን ግን አላጠፋም። ተማሪው «ፈረንጅ ሆነ» ተባለ፤ እርሱም በፈንታው የድጓውን መምህር «ኋላ ቀር» አለው። ሁለቱ እንዲህ ሲናናቁ የሰማ ሕዝብም ሁለቱን መናቅ ተማረ።

ጠላት ግን የሁለቱንም ዋጋ ያውቅ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የተማሩ ወጣቶች እየታደኑ ተገደሉ፤ በእንግሊዝ አገር የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ከእነርሱ ጋር ነበሩ። በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ ግራዚያኒ ራሱ ለሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን አስታውቋል፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ቁጥሩን ከዚህ እጅግ አብልጦታል። እኛ ለያይተን የናቅናቸውን ጠላት በአንድነት ፈራቸው።

ይህ በባዕድ እጅ የሆነ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን በቀይ ሽብር ብዙ ተማሪዎችና ምሁራን በገዛ ወገናቸው እጅ ወደቁ። የፈረሰ ቤት በአንድ በጋ ይሠራል፤ የመጻሕፍት መምህር ወይም ሐኪም ለማፍራት ግን ረጅም ዓመታት ያስፈልጋሉ።

በእርግጥ በዕውቀቱ የሚታበይ ምሁር አይጠፋም። እርሱንም ስለ ትዕቢቱ እንገሥጸው እንጂ ስለ ዕውቀቱ አንጥላው።

እናንተም ወላጆች፣ በማዕድ ዙሪያ መምህሩን መሳለቂያ ስታደርጉ ልጃችሁ እንደሚሰማ አትዘንጉ። በማታ የተሳቁበትን መምህር በማግሥቱ በአክብሮት ይሰማዋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።