የወረዳው ስብሰባ ለነዋሪው ይከፈት፤ በአዳራሽም፣ በስልክም



ከሜክሲኮ እስከ ጦር ኃይሎች በየመንደሩ ስንዘዋወር ከየደጁ የሰማነው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ ወረዳው የወሰነውን ነዋሪው የሚያውቀው ውሳኔው በሩን ሲያንኳኳ ነው። ስብሰባ ጠፍቶ አይደለም። ስብሰባማ ሞልቷል። ነገር ግን የሚጠራው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። የቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት የምትቸረችረው እናት፣ ታክሲ ላይ የሚውለው ወጣት የዕለት ገቢያቸውን ካልተዉ በቀር አይካፈሉም። የመጣውም ሰው መዝገብ ላይ ይፈርማል፤ የተዘጋጀ ጽሑፍ ይነበብለታል፤ ጥያቄው "እንደ ግብዓት ተወስዷል" ተብሎ ይሸኛል።

ከአባሎቻችን አንዷ በከተማችን ባለ አንድ ወረዳ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) ስለ ቀበሌ ቤቷ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ከሥራ ቀርታ አዳራሽ ገብታለች። በሦስተኛው ቀን ተራ ሲደርሳት ጉዳዩ ባለፈው ወር በካቢኔ መወሰኑ ተነገራት። ቃለ ጉባኤውን ልይ ብትል የውስጥ ሰነድ ነው ተባለች። ባለፈው ወር እሷ ራሷ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

ይህን ሁኔታ ሊለውጥ የሚችለው መሣሪያ አገራችን ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የኢሕአዴግ መንግሥት ወረዳኔት የተባለውን መረብ ዘርግቶ ወደ 600 የሚጠጉ ወረዳዎችን ለማገናኘት ተነሣ። ጣሪያ ላይ የሳተላይት ሰሐን፣ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ስክሪን ተተከለ። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሚኒስትር ከሩቅ ወረዳ አስተዳዳሪ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ቻለ። ሥራውን አናጣጥለውም፤ ለጊዜው ደፋር ሥራ ነበር። ጉድለቱ በመስመሩ የሚያልፈው ነገር ላይ ነው። ከላይ መመሪያ ይወርዳል፣ ከታች ሪፖርት ይወጣል። ነዋሪው የዚያን ክፍል ደጃፍ አልረገጠም።

ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ባለሥልጣናት ግን በቪዲዮ መሰብሰባቸውን አላቋረጡም። ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም የማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት በጥር 2013 ዓ.ም. 34ኛውን የመሪዎች ጉባኤ በስክሪን አካሄደ። በዚያው በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ የውኃና የመብራት ሂሳባችንንም በስልካችን መክፈል ለመድን። ገንዘባችን በስልክ ከገባ ጥያቄያችን በስልክ የማይገባው ለምንድን ነው?

የከተማ ሰው ስብሰባ ሰልችቶታል፣ ቢከፈትለትም አይመጣም የሚሉ አሉ። የ1997ቱን የምርጫ ክርክር የሚያስታውስ ሰው እንዲህ አይልም። ክርክሩ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲተላለፍ ቡና ቤቱም ታክሲውም ጆሮውን ሰጥቶ ነበር፤ በማግስቱም ሥራ ቦታው ሁሉ መከራከሪያ ሆኖ ዋለ። ደግሞስ ግንቦት ልደታ በመጣ ቁጥር ጎረቤቱ ንፍሮውን ይዞ ደጅ የሚሰበሰብ ሕዝብ፣ እድሩን በየወሩ ቆጥሮ የሚሰበሰብ ሕዝብ፣ መሰብሰብን ከመንግሥት መማር አለበት? የሰለቸው ስብሰባው ሳይሆን የማይሰማ ሰብሳቢ ነው።

ይሁን እንጂ ስክሪን ተተከለ ማለት ሕዝብ ተደመጠ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ለአፋኝ ሰብሳቢ ሊመቸው ይችላል። አዳራሽ ውስጥ የተቆጣች እናት ተራ ሳይሰጣት ብድግ ብላ ትናገራለች፤ ሰውም ዞሮ ያያታል። በስክሪን ስብሰባ ሰብሳቢው አንድ ቁልፍ ሲጫን ድምፅዋ ይጠፋል፤ መናገሯን እንኳ የሚያውቅ የለም። በእንግሊዝ አገር ሃንድፎርዝ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የአካባቢው ምክር ቤት በቪዲዮ ሲሰበሰብ ጠብ ተነሥቶ ስብሰባውን የምታስተናግደው ሠራተኛ ሰብሳቢውን ከስክሪኑ አስወጣችው። ቅጂው ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሲሰራጭ ሚሊዮኖች አይተው ሳቁ። እኛ ያስተዋልነው ሌላ ነው። ቁልፉን የያዘ ሰው ስብሰባውን ይዞታል፤ ነገር ግን ስብሰባው የተቀዳ በመሆኑ ማን ምን እንዳደረገ ሕዝቡ በዓይኑ አይቶ ፈርዷል።

የእኛ አገር ችግር ከዚህም ይከፋል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ቆይቷል። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ስብሰባ መንግሥት ባሻው ጊዜ የሚዘጋው ስብሰባ ነው። የመብራት መጥፋቱንና የዳታውን ዋጋ እናንተው ታውቁታላችሁ።

በመሆኑም ፓርቲያችን የቆመው ለቅይጥ ስብሰባ ነው። አዳራሹ አይዘጋም። ተመራጩ በአካል ይገኛል፤ ታሞ ካልተኛ በቀር ከመኪናው ወይም ከአለቃው ቢሮ ሆኖ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ ከጎኑ ማን ተቀምጦ እንደሚያዘው አናይምና። ነዋሪው ግን እንደተመቸው ይምጣ፤ በአዳራሽ፣ በስማርት ስልክ፣ ወይም በተራ ስልክ በነፃ መስመር ደውሎ። አረጋውያን ርቀው እንዳይሄዱ ፈቃደኛ በሆኑ የእድር ቤቶች ስክሪን እንተክላለን። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቀመጣል። ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም ከሥራ በኋላ ይሆናል፤ አጀንዳው ከሰባት ቀን በፊት ይለጠፋል። ማን ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ በስም ይመዘገባል፤ ቅጂውም ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል። ይህ ከማንም የምንለምነው ችሮታ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ም መረጃ የመጠየቅ መብታችንን ደንግጓል።

ሳንሸፋፍን የምንናገረው ሌላ ጉዳይ አለ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ምክር ቤት መጀመሪያ የተመረጠ መሆን አለበት። የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤትና ለ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች ስንመርጥም የወረዳው ምርጫ አብሮ አልተካሄደም። ለአምስት ዓመት የተሰጠ አደራ በማራዘሚያ ሲንከባለል ኖሯል። ያልመረጥነውን ሰው በቀጥታ ስርጭት ማየት ምን ይጠቅመናል? ስለዚህ ከካሜራው በፊት የምንጠይቀው የድምፅ መስጫ ሣጥኑን ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምንጨነቅ ልደታ ታውቃለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በመልሶ ማልማት ሰፈሩ ሲነሣ አብሮ ያደገ ጎረቤት ጀሞና ሌላም ቦታ ተበተነ፤ እድሩ ፈረሰ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ቀየሩ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው አለ፣ ምትክ ቤቱ ያልተመቸው አለ። ልማቱን አልተቃወምንም፤ አሁንም አንቃወምም። የትኛው ቤት፣ መቼ፣ በምን ካሣ ይነሣል የሚለው ሲወሰን ግን ባለቤቱ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. በከተማችን የኮሪደር ልማት ሲጀመርም ያንኑ ጥያቄ ከሌሎች ሰፈሮች ሰማነው።

ወጪው አያሳስባችሁ። ለአንድ አዳራሽ የሚያስፈልገው ካሜራ፣ ጥቂት ማይክራፎን፣ የስልክ መስመርና መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ ነው። የወረዳኔት ስክሪን ያለበት ክፍል ካለ በሩን ለነዋሪው እንከፍተዋለን። መስመሩ ከተቋረጠ ደንባችን አጭር ነው፤ ስብሰባው ይቆማል፣ ቤት የሚያስነሣ አጀንዳም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይተላለፋል።