ለእግረኛው የራሱ የበጀት መስመር ይከፈትለት

የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚያደርጋቸው ጉዞዎች ከግማሽ የሚበልጡት በእግር የሚደረጉ ናቸው። ከቀሪው አብዛኛውን አውቶቡስ፣ ሚኒባስ ታክሲና ባቡር ይሸከሙታል፤ በግል መኪና የሚሄደው ከሁሉም ያንሳል። ታክሲ ተሳፋሪውም ቢሆን ፌርማታው ድረስ የሚደርሰው በእግሩ ነው። በከተማዋ በየዓመቱ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት 400 ገደማ ሰዎች ውስጥ ደግሞ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ እግረኞች ናቸው። የመንገድ በጀት ሲደለደል በቅድሚያ ሊታሰብለት የሚገባው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። በተግባር ግን እግረኛው የሚደርሰው ከአስፋልቱ የተረፈው ነው።

ይህን ስንል አገሪቱ በመንገድ ላይ ያፈሰሰችውን ሀብትና ድካም እያቃለልን አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር ከ26 ሺህ ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ይል የነበረው የመንገድ መረብ ዛሬ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። በዚህ ምክንያት ምጥ ለያዛት እናት አምቡላንስ የሚደርስላት፣ ምርቱ በማሳው ላይ ይበሰብስ የነበረው ገበሬ ገበያ ያገኘው በብዙ ወረዳ ነው። 612 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድም ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሰውን ጭነት አቀላጥፏል። ፈጣን መንገድ አይሠራ የሚል አቋም የለንም። የምንቃወመው፣ ለመኪናው የሚወጣው ገንዘብ በውል ተጽፎ፣ በብድር ተደግፎ፣ በጊዜ ሰሌዳ ታስሮ ሲመጣ፣ የእግረኛው ድርሻ ግን በሥራ ተቋራጩና በተቆጣጣሪው በጎ ፈቃድ ላይ መውደቁን ነው።

ውጤቱን ሁሉም ያየዋል። አስፋልቱ ይነጠፋል፣ ቀለሙ ይቀባል፣ መንገዱ ለትራፊክ ክፍት ሆነ ይባላል። የእግረኛው ክፍል ግን አፈርና ጠጠር ተቆልሎበት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። የፍሳሽ ቱቦው ክዳን የለውም፤ ክዳን የነበረውም ተሰብሯል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱን ጎርፍ ስለሚሸፍነው ሰው እግሩን የሚያሳርፍበትን አያውቅም፤ ስለዚህ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። መኪና የገጨው እንደሆነም ሪፖርቱ ላይ «ጥንቃቄ የጎደለው እግረኛ» ተብሎ ይመዘገባል። ዓይነ ስውሩ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰው፣ ሕፃን ያዘለችው እናት በዚህ መንገድ እንዴት እንደሚያልፉ ዲዛይኑን የፈረመ መሐንዲስ አንድ ቀን አብሯቸው ሄዶ ቢያየው እንወዳለን።

የአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ሊሆነን ይገባ ነበር። መንገዱ ሲዘረጋ ለዘመናት ጎረቤት የነበሩ ሰፈሮችን በብረትና በኮንክሪት አጥር ለሁለት ከፈላቸው። የእግረኛ ድልድዮቹ እጅግ ተራርቀው ስለተተከሉ ከማዶ ያለ ሱቅ ለመድረስ ረጅም ዙሪያ መሄድ ግድ ሆነ። ሰዉም አጥሩን መዝለል ጀመረ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመርም መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ቦታዎች ያንኑ ስሕተት ደገመው። በሁለቱም ፕሮጀክቶች ለመሸጋገሪያ የሚሆነው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ለብቻው ተቆጥሮ ስላልተያዘ የሚከራከርለት አልተገኘም።

የፖሊሲ ሰነድ አልጎደለንም። አዲስ አበባ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂዋን ስታወጣ በአሥር ዓመት ውስጥ 600 ኪሎ ሜትር የእግረኛና 200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ ለመሥራት አቅዳ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር አገር አቀፉን ስትራቴጂ ይፋ አደረገ። ከዚያ በፊት በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናዎችን ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነፃ አድርጎ ልጆች በነፃነት ሲቦርቁባቸው አሳይቶናል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችን ይዞ መጥቷል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። መንግሥት ቁርጠኛ ከሆነ ለዓመታት አይቻልም ሲባል የነበረውን በወራት ውስጥ መሥራት እንደሚችል አስመስክሯል።

ምስጋናችን ግን ጥያቄያችንን አያስቀረውም። ሰፊው መንገድ የሚገኘው በዋና ጎዳናዎች ዳር ነው። ከጎዳናው ወደ ውስጥ ጥቂት መቶ ሜትር ገባ ሲባል ያው ኮብልስቶኑ የተነቀለ መንደር፣ ያው የተከፈተ ቱቦ ይጠብቃል። በዚሁ ልማት ከፒያሳና ከካሳንቺስ ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳርቻ የሄዱ ቤተሰቦች ዛሬ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚጓዙት ርቀት ጨምሯል፤ ያማረው የእግረኛ መንገድ ደግሞ የቀረው እነሱ በለቀቁት ሰፈር ነው። ሰው በብዛት በሚሄድበት መሥራትና ጎብኚ በሚያየው መሥራት አንድ አይደሉም። የብስክሌት መስመሮቹም ቢሆኑ እርስ በርስ ካልተገናኙ፣ መኪና የሚቆምባቸው ከሆነ፣ ልጁን በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ የሚደፍር ወላጅ አይገኝም።

በዚህ ጉዳይ ደጋግሞ የሚነሣ መከራከሪያ አለ፤ ለመንገድ የሚከፍለው ባለመኪናው ነውና ገንዘቡ ለመኪና መንገድ ይዋል የሚል። የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ዋና ገቢው በነዳጅ ላይ ከሚጣለው ክፍያ እንዲሰበሰብ መደረጉ ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት ሆኗል። ነገር ግን ያንን ክፍያ የሚሸፍነው ባለመኪናው ብቻ አይደለም። ጠዋትና ማታ በሚኒባስ የሚሳፈረው ሠራተኛ በታሪፉ ውስጥ ይከፍለዋል፤ ሽንኩርትና ጤፍ የምትገዛው እናት በትራንስፖርት ወጪው ውስጥ ትከፍለዋለች። ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች የተሠሩበትን ብድርም ቢሆን የሚመልሰው መኪና ያለውም የሌለውም ግብር ከፋይ ነው። 120 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባለበት አገር የተሽከርካሪው ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይርቅም። ከዚህም በላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። እነዚህ በነዳጅ ላይ የተጣለውን ክፍያ አይከፍሉም፤ መንገዱን ግን ይጠቀሙበታል። ስለዚህ የመንገድ ገንዘብ ከየት ይሰብሰብ የሚለው ጥያቄ ወደድንም ጠላንም እንደገና መከፈቱ አይቀርም። ለምን ይዋል የሚለውም አብሮ መከፈት አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና የነዳጅ ወጪን ይቀንሳል፣ ጭስም የለውም፤ ዜብራ ላይ ለሚሻገር ተማሪ ግን ከቤንዚን መኪና የተለየ ከለላ አይሰጠውም።

ሌላው የሚነሣው አዲስ አበባ ዳገታማ ናት፣ ብስክሌት አይሆናትም የሚል ነው። ለእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች ይህ እውነት ይሆናል። ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ላለው ግን አይሠራም። ባሕር ዳርና ሐዋሳማ ማንም ሳይሰብካቸው ለብዙ ዓመታት በብስክሌት የኖሩ ሜዳማ ከተሞች ናቸው። ዛሬ በእነዚህ ከተሞች ብስክሌተኛው ከባጃጅና ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋ ከጎዳና ሊወጣ የደረሰው መልክዓ ምድሩ አስቸግሮት ሳይሆን መስመር የሚከልልለት በማጣቱ ነው። የቦታ ጉዳይ ከተነሣ ደግሞ በትራንስፖርት መሐንዲሶች ዘንድ የታወቀ ስሌት አለ፦ 3 ሜትር ተኩል በሚሰፋ መንገድ በአንድ ሰዓት በመኪና 2 ሺህ፣ በብስክሌት 14 ሺህ፣ በእግር ደግሞ 19 ሺህ ገደማ ሰው ያልፋል። ብድር እየቆጠረ መንገድ የሚሠራ አገር ይህን ስሌት ችላ ሊለው አይገባም።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት አገሮች ከትራንስፖርት በጀታቸው ቢያንስ 20 በመቶውን ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲያውሉ መክሯል። ናይሮቢ ከዚያ ቀድማ በ2007 ዓ.ም. ይህንኑ 20 በመቶ በፖሊሲዋ አስፍራ ነበር። የሆነው ግን ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው። ፖሊሲው በወጣ በሰባት ዓመቱ የናይሮቢ ነዋሪ ያየው በክፍያ የሚኬድበትን የ27 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድ ነው፤ ግንባታው ሲካሄድም ከሥሩ ያለው እግረኛ መሄጃውን አጥቶ በአቧራና በመኪና መካከል ሲጋፋ ከረመ። ፖሊሲ በበጀት ሕጉ ውስጥ ካልገባ ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ፕሮጀክት ሁሌም ይቀድመዋል።

ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። በፌዴራልም በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም የመንገድ በጀት ውስጥ ለእግረኛና ለብስክሌት የራሱ መደብ ይከፈት፤ መጠኑም ከ20 በመቶ አይነስ። ወደ ሌላ ሥራ መዛወሩም በሕግ ይከልከል። ከዚህ መደብ መጀመሪያ የሚሠራው ሰው የሚሞትባቸው መሻገሪያዎች፣ የትምህርት ቤትና የገበያ መዳረሻዎች፣ የውስጥ መንደር መንገዶችና የተከፈቱ ቱቦዎች ይሁን። በከተማም ሆነ በገጠር ቀበሌ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም አዲስ መንገድ የእግረኛው ክፍልና መሻገሪያው ሳያልቅ ርክክብ አይደረግበት፤ የመጨረሻው ክፍያም አይለቀቅ።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሕዝብ ተወካዮችና የከተማው ምክር ቤት አባላት ሰኔ ላይ የመንገድ በጀት ሲቀርብላቸው ለእግረኛው የተያዘው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ገጽ እንደሰፈረ ይጠይቁ። በቁጥር የተደገፈ መልስ ካላገኙ ያንን በጀት እንዳያጸድቁት እንጠይቃለን።