መጀመሪያ ኮዱን እንማር

ልደታ ካለው የሕንፃ ኮሌጅ ተመርቀው፣ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ነድፈው ያስገነቡ፣ ቶሮንቶ ከመጡ በኋላ ግን መጋዘን ወይም ታክሲ ላይ ዓመታት ያለፏቸው ወገኖች አሉን። ወደ ሙያው ስለመመለስ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ኮሌጅ እንደገና ስለመግባት ወይም ሬቪት የተባለውን የንድፍ ሶፍትዌር ኮርስ ስለመውሰድ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የኦንታሪዮን የሕንፃ ኮድ ተማሩ እላለሁ።

ንድፍ መሥራት እናውቃለን፤ የማናውቀው የዚህን አገር ብርድ ነው። እዚህ መሠረት ከውርጭ በታች እንዲያርፍ 1.2 ሜትር ያህል ይቆፈራል። ጣሪያ የበረዶ ክብደት ይሸከማል። የሙቀት መከላከያውና የእንፋሎት ማገጃው በትክክለኛው ቦታ ካልገቡ፣ ከቤት ውስጥ የሚወጣው እርጥበት ግድግዳው ውስጥ ውኃ ሆኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ሬቪት የታዘዘውን ይሥላል እንጂ ይህን ስሕተት አያርምም።

ኮዱን ማወቅ ደግሞ መንገድ ይከፍታል። የኦንታሪዮ መንግሥት ባዘጋጀው የነዳፊዎች ፈተና ለመቀመጥ ዲግሪም የካናዳ የሥራ ልምድም አያስፈልግም። የሕጉንና የመኖሪያ ቤቱን ፈተና አልፎ፣ መድን ገብቶ የተመዘገበ ሰው አርክቴክት የሚለውን መጠሪያ ባይይዝም፣ የቤት ንድፍ በራሱ ኃላፊነት ለግንባታ ፈቃድ ማቅረብ ይችላል። ሥራውም በከተማዋ አለ። ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በጓሮ መተላለፊያ ላይ የሚሠሩ የሌንዌይ ቤቶችን፣ በ2022 የግቢ ቤቶችን፣ በ2023 ደግሞ በየሰፈሩ አራት ቤተሰብ የሚይዙ ሕንፃዎችን ፈቅዳለች። ለአራት ቤተሰቡ ሕንፃ የአነስተኛ ሕንፃዎች ፈተና ይጨመራል።

ተቀጥሮ መሥራት ለሚሻም ጊዜው ተሻሽሏል። ከጥር 2026 ጀምሮ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው የኦንታሪዮ ቀጣሪዎች በሥራ ማስታወቂያቸው ላይ የካናዳ ልምድ መጠየቅ በሕግ ተከልክለዋል። ሕጉ ማስታወቂያውን ያስተካክላል፤ ቃለ መጠይቁን የሚያልፈው ግን ግድግዳው ከምን ከምን እንደሚሠራ ማስረዳት የሚችል ነው።

ፈተናውን ያለፋችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ቅዳሜ ከሰዓትን ለኋለኞቹ ስጡ፤ ኮዱን አብራችሁ አንብቡ። እናንተ ወደ ሙያው ተመላሾች ደግሞ ክፍያ ያለበትን ኮርስ ከመፈለጋችሁ በፊት፣ ከጥር 2025 ጀምሮ የሚሠራበትን አዲሱን ኮድ ከመንግሥት በነፃ ውሰዱ። ስለ ቤቶችና አነስተኛ ሕንፃዎች ከሚናገረው ከክፍል 9 ጀምሩ።